ባለቤቴ ኮምቦልቻ ጉዳዩን እስኪጨርስ ያየሁት የፈረሰ ቤት

መምህርት ከደሴ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም።

ባለቤቴ የእህል ወፍጮ አለው። ቀበቶው ተበጥሶ ሥራ ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ዛሬ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። እኔም የሴሚስተር እረፍት ላይ ስለሆንኩ አብሬው ሄድኩ። ጉዳዩ ቀበቶ ብቻ መስሎኝ ነበር። መንገድ ላይ ሲዘረዝር ግን ባንክ አለ፣ ሚዛን ማስመርመር አለ፣ ለእናቱ የዐይን መድኃኒት አለ፣ የጣራ ሚስማር አለ፣ ከአንድ ነጋዴ የሚቀበለው የቆየ ዕዳም አለ። «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አንጨርስም» አለኝ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በወረድን ቁጥር ከመንገዱ ማዶ፣ ከጉብታ ላይ የማየው ቤት አለ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር በአውቶቡስ ስንሄድ ቆርቆሮው ከሩቅ ያብረቀርቅ ነበር። በኋላ ቆርቆሮው ጠፋ። ከዚያ የጣራው እንጨት ጠፋ። ከዚያ አንዱ ግድግዳ ወረደ። ዕድሜ ልኬን ከመስኮት እያየሁት ሲያንስ የኖረ ቤት ነው፤ አንድም ቀን ቆሜበት አላውቅም። «አንተ ጉዳይህን ጨርስ፤ እኔ እዚያ ቤት ደርሼ ልምጣ» አልኩት። በባጃጅ እስከሚያስኬደው ድረስ ሄጄ የቀረውን ግማሽ ሰዓት በእግሬ ወጣሁ።

ግቢው በቁልቋል ታጥሯል። ከአጥሩ ውጭ ካለች ትንሽ ቤት አንዲት አሮጊት ወጡ። ሰላምታ ሰጥቼ ቤቱን ማየት እንደምፈልግ ስነግራቸው ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። ማንም አልላከኝም፤ ከመንገድ እያየሁት ነው ያደግሁት አልኳቸው። ጥቂት አዩኝና «አብሽሪ ልጄ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ግቢ» አሉኝ። ራሳቸውም ምርኩዛቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነበር። ግንቡ ድንጋይ ነው፣ ውፍረቱ ከክንዴ ይበልጣል። የላይኛው ወለል ወራጆች የገቡባቸው ቀዳዳዎች በግድግዳው ዙሪያ በአንድ መስመር ተደርድረው ይታያሉ፤ እንጨቶቹ ግን ተነቅለው ሄደዋል። ከወለሉ የቀረው በምሥራቅ በኩል ያለው ሲሶው ብቻ ነው። በጓዳው በኩል የወፍጮ ድንጋይ አለ። መጁ የለም፤ የታችኛው ድንጋይ ግን መሐሉ እንደ ታንኳ ጎድጉዷል። እጄን ሳስገባበት እስከ አንጓዬ ተቀበለኝ። ስንት ዓመት፣ የስንት ሴት ወገብ ነው ያን ድንጋይ እንዲህ አድርጎ የበላው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያ የቀረው ወለል ከላይ የከለለው የምሥራቁ ግድግዳ ልስኑ አልወደቀም። ልስኑ ላይ በሚስማር ይሁን በጩቤ ጫፍ ተጭሮ የተጻፈ ፊደል አለ። ከሀ ጀምሮ፣ ሰባት ሰባት ሆኖ፣ መስመሩ ሳይዛነፍ እስከ ታች ይወርዳል። አሮጊቷን ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ባለቤቶቹ ሄዱ፣ ቤቱ የገበሬ ማኅበር መጋዘን ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ማታ ማታ እዚያው ይማሩ ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ስላልነበር አስተማሪው አንዴ ግድግዳው ላይ ጭሮ ጻፈውና በዚያው ቀረ። «እኔ እስከዚህ ድረስ ነው የተማርኩት» ብለው በምርኩዛቸው የ«መ»ን መስመር አሳዩኝ። «ከዚያ ወለድኩ።»

ሃያ ሰባት ዓመት ፊደል አስተምሬአለሁ። እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለ። ባንኩ ኔትወርክ የለም ብሎ ስላስቀመጠው ገና ግማሹን እንኳ አልጨረሰም ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ቆየሁ። አሮጊቷ ቡና አፈሉልኝ።

ምን ማድረግ ይቻላል? ይህን የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። የበልጉ ዝናብ ደርሷል።

---

ኮምቦልቻዊ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

የትኛው ቤት እንደሆነ የገመትኩ ይመስለኛል። ቦታውን በትክክል ብትጽፊልን ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ አይ ነበር።

---

መምህርት ከደሴ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ፤ ቦታውን እዚህ በግልጽ አልጽፍም። በሮቹና መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተነቅለው የሄዱት ሰው ስላወቃቸው ነው። ባለፈው ክረምት እንኳ ሁለት ሰዎች በጋሪ መጥተው የደረጃውን ጥርብ ድንጋይ ጭነው እንደሄዱ አሮጊቷ ነግረውኛል። በግል ጻፍልኝ።

---

የቦርከና ልጅ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡48

መምህርት፣ ጽሑፍዎ ልቤን ነካው፤ ግን ብቻዎን መግባትዎ አስፈራኝ። ከቀረው ወለል ሥር ቆመው ነበር ማለት ነው? እንጨቱ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ምስጥ የበላው ሊሆን ይችላል። የድሮ ግቢ ውስጥ ደግሞ አፉ በሣር የተሸፈነ የእህል ጉድጓድ አይታጣም። ጉድጓዱ ጥልቅ ባይሆን እንኳ ውስጡ አየር ስለማይኖር የገባ ሰው ራሱን ስቶ ይቀራል፤ ሊያወጣው የገባውም እንዲሁ። ሁለተኛ ሲሄዱ ሰው ይዘው ይሂዱ፣ መሬቱን በዱላ እየነኩ ይራመዱ።

---

ግንበኛ ነኝ ፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡30

እህቴ፣ ሌሊቱን አንብቤው አሁን ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ልጻፍልሽ። ድንጋይ ስጠርብና ስገነባ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የድሮ ቤት ሲጠገንም ሲፈርስም አይቻለሁ።

የድንጋይ ቤት መሞት የሚጀምረው ከላይ ነው። የዚህ አገር የቀድሞ ግንብ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከውጭ አንድ ፊት፣ ከውስጥ አንድ ፊት አለው፤ መሐሉ በጭቃና በጠጠር የተሞላ ነው። ሁለቱን ፊቶች የሚያያይዙት አልፎ አልፎ የሚገቡ ረጃጅም ማሰሪያ ድንጋዮች ናቸው። ቆርቆሮው ሲነሣ የግድግዳው አናት ይገለጣል። ዝናቡ በአናቱ ገብቶ የመሐሉን ጭቃ ያጥባል፤ ጠጠሩ ወደ ታች ይሰበሰባል፤ ሁለቱን ፊቶች ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ግድግዳው ሆድ አወጣ የምንለው ያኔ ነው። ሆድ ያወጣ ግድግዳ በአንድ ሌሊት ነው የሚወርደው፤ ቀን በፀሐይ እያያችሁት አይወድቅም፤ ዝናብ በጠገበ ሌሊት ነው።

ወሎ ደግሞ ዝናቡ ሁለት ነው። ሌላ አገር ክረምቱን ብቻ ይፈራሉ፤ እኛ በልጉም አለብን። በልጉ ያራሰውን ክረምቱ ያወርደዋል። ስለዚህ የጥገና ጊዜያችን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለችው ናት። እሷ አልፋለች። አሁን መጠገን ሳይሆን ማልበስ ነው የሚቻለው።

ስትመለሺ ሦስት ነገር እይልኝ። በመጀመሪያ ከግድግዳው ጥግ ቆመሽ አንድ ዐይንሽን ጨፍነሽ ፊቱን ተከትለሽ ተመልከቺ፤ ሆድ ካወጣ ታይዋለሽ። ሁለተኛ የበሩን ጉበን እይ፤ እንጨት ከሆነና ከበሰበሰ ከበላዩ ያለው ድንጋይ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ይሰነጠቃል። እንዲህ ካየሽ በዚያ በር እንዳታልፊ። ሦስተኛ ልስኑን በጥፍርሽ ጫሪው፤ ነጭ ዱቄት ከሰጠሽ ኖራ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ጭድ ከታየሽ ምርጊት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማንም ደግ ሰው መጥቶ «በሲሚንቶ እንለስነው» ቢላችሁ አትፍቀዱ። የጭቃ ግንብ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲለበስ መተንፈሻው ይዘጋል፤ ውኃው ውስጥ ይቀርና ከኋላ ያበሰብሰዋል። ከላይ ያማረ ሆኖ ከሦስት ክረምት በኋላ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ሲወድቅ የድሮውንም ልስን ይዞት ይወርዳል። ይህን በዐይኔ ያየሁበት ቤት አለ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ግድግዳው ላይ ሾላ ወይም ዋርካ በቅሎ ከሆነም አትንቀሉት። ሥሩ ከድንጋዩ ጋር ስለተቃቀፈ ስትስቡት ግድግዳውን ታወርዱታላችሁ። ከግንዱ ቁረጡትና እዚያው ይድረቅ።

---

የአራሽ ልጅ ፦ ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡15

ሁላችሁም ስለ ጭቃና ኖራ ታወራላችሁ። እኔ ደግሞ የማውራው ስለ ሰው ነው።

አባቴ የእኩል አራሽ ነበር። በሬው የራሱ፣ ዘሩ የራሱ፣ ጉልበቱ የራሱ፤ ምርቱ ግን ግማሹ የባለመሬቱ። ከቀረው ላይ አሥራት ይወጣል። በበዓል ማርና ሙክት ይዞ ደጅ ይጠናል። አጥር ሲፈርስ ያጥራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ እናቴ ደግሞ ተራዋ ሲደርስ ሄዳ ትፈጫለች። መምህርት፣ እጅሽን ያስገባሽበት ወፍጮ ድንጋይ እንዲያ የጎደጎደው በደመወዝ አይደለም።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲመጣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁለት ታላላቆቼን ቀበርን። ከእኛ ሰፈር ከፍ ብሎ የነበረው ግቢ ጎተራው ባዶ አልነበረም። ይህን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሲፈርስ ለምን ያዝናል? በልጉም ክረምቱም ይውሰደው። የእኛ የጭቃ ቤቶች ሲፈርሱ ማን ፎቶ አነሣቸው?

---

ሐይቅ ማዶ ፦ ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡02

የአራሽ ልጅ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ የእኔም አያት ሲሶ ከፋይ ነበሩ።

---

መምህርት ከደሴ ፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

ወንድሜ የአራሽ ልጅ፣ መጀመሪያ ስለ ታላላቆችህ እግዚአብሔር ያጽናህ። ቃልህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ወፍጮው የጻፍከውን ሳነብ እጄ ላይ ያ ድንጋይ ተሰማኝ።

ለባለመሬቱ አላዘንኩም። ማን እንደነበሩም አልጠየቅሁም፤ አሮጊቷም ስማቸውን አላነሡልኝም። ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ልስኑን ጠጋ ብዬ ሳየው የጣት መስመር አለበት። የአራት ጣት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተስቦ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚታጠፍ። እንዲህ የምትለስነው ሴት ናት፤ እናቴም ቤታችንን ለበዓል ስትቀባ እንዲሁ ነበር የምትስበው። በአንዱ ቦታ ላይ የትንሽ ልጅ መዳፍ አለ፤ እናቱ ሥራ ላይ ሳለች ሄዶ ነክቶት ይሆናል። ባለመሬቱ እጁን ጭቃ ውስጥ አላስገባም። ግድግዳው ላይ የቀረው የእናትህ እጅ ነው፣ የእናቴ እጅ ነው።

ቤቱ ሲወርድ የሚጠፋው የባለመሬቱ ስም አይደለም፤ ስሙ መዝገብ ላይ አለ። የለሰነችው ሴት ግን ከዚያ ልስን በቀር የት ተጽፋለች? በላዩ ደግሞ ያ ፊደል አለ። ግማሽ ምርት ሲሰፈርበት በነበረው ክፍል ውስጥ አራሾቹ ማታ በኩራዝ ተቀምጠው ሀ ሁ ብለዋል። አንተ በአባትህ ስም ይፍረስ ስትል፣ አባትህ የተቀመጠበትን ክፍል ነው ይፍረስ የምትለው። እንዲህ በመናገሬ ካስከፋሁህ ይቅርታህን እጠይቃለሁ፤ ግን የማምነው ይህንን ነው።

ጋሼ ግንበኛ፣ ስለ ሦስቱ ነገሮች እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ተመልሼ አይቼ እጽፋለሁ።

---

ሸዋበር ፦ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ሚስቴ በርበሬና ቅመም ልትገዛ ሰኞ ገበያ ስትወጣ እኔ አይጠየፍን ዞሬ የማይ ሰው ነኝ፤ እሷ መግዛቷን ስትጨርስ የት እንደምታገኘኝ ታውቃለች። ስለዚህ የዚህ ቤት ነገር የእኔም ነገር ነው።

ደሴ ውስጥ ከቆሙት የቀድሞ ሕንፃዎች ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙም ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው። ንጉሡ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ከተማረኩ በኋላ ደሴን ዳግም አልገዟትም፤ አዳራሻቸው ግን እስከ ዛሬ አለ። የደሴ ሙዚየም ያለበት ቤት ደግሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። መኖሪያ የነበረ ቤት ሥራ ስለተሰጠው ነው የቆየው፤ ሰው ያለበት ቤት ጣራው ሲያፈስ የሚያይ ዐይን አለው። ሙዚየሙ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲዘረፍ የተቆጨነውም የራሳችን ዕቃ ስለነበረ ነው።

የቤቱን ዘመን ለማወቅ ከፈለግሽ፦ ከጣሊያን በፊት የተሠራ ቤት ብዙውን ጊዜ በጭቃ ወይም በኖራ ይገነባል፣ የበርና የመስኮት ጉበኑ የጥድ ወይም የወይራ እንጨት ነው፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። ጣሊያን ደሴን ከሚያዝያ 1928 እስከ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ሲይዝ ሲሚንቶ፣ የብረት ተሸካሚና ሰፋፊ መስኮት በብዛት አመጣ። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ከጣሊያን በኋላም በጭቃ የገነቡ ብዙ ናቸው፤ የድሮ ቤት ላይ በሲሚንቶ የቀጠሉም አሉ። ግድግዳው ላይ አንድ ሥራ ቆሞ ሌላ የጀመረበት መስመር ካለ ፈልጊው። ቤቱ ከመንገዱ በዚያ በኩል ከሆነ በሚያዝያ 1933 የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ የተዋጋበት አካባቢ ነው። ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ ካየሽ ዝናብ የሠራው ነው ብለሽ አትለፊው።

ፊደሉን ፎቶ ስታነሺ ፀሐይ ከፊት ለፊት ስትመታው አታንሺ፤ ጭረቱ አይታይም። ማለዳ ብርሃኑ ከጎን ሲገባ ወይም ክፍሉን ጋርደሽ መብራት ከግድግዳው ጥግ አስጠግተሽ ወደ ጎን አብሪበት። የማይታይ የነበረው ሁሉ ጥላ አውጥቶ ይነበባል። አጠገቡም ሜትር ወይም ልኩ የሚታወቅ ነገር አስቀምጪ።

---

የሕግ ነገር ፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡25

ማንም ነገር ከመንካቱ በፊት ሁለት ቃል ልጨምር።

ቤቱ የግል አይደለም። የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሲሆን ነው ባለቤትነቱ የተቀየረው። ስለዚህ «ባለቤት የለውም፣ እንውሰድ» የሚሉ ሰዎች የሕዝብ ንብረት ነው የሚወስዱት። ሁለተኛ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል፤ ጥገናም ቢሆን በቅድሚያ ማስፈቀድን ይጠይቃል። በቅን ልቦና የተደረገ ጥገናም ሊያስጠይቅ ይችላል ማለት ነው። ቀጥተኛው መንገድ ፎቶውንና ልኩን አያይዞ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ማመልከት፣ ቅጂውን ማኅተም አስደርጎ መያዝ ነው። አመልክተን ምላሽ አጣን ለማለትም ያ ቅጂ ያስፈልጋል።

---

ኮምቦልቻዊ ፦ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡00

በግል ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ደርሰን መጣን። ምንም አልነካንም። አሮጊቷን ስኳርና ቡና ይዘን ጠይቀናቸዋል፤ «ያቺ መምህርት መቼ ነው የምትመጣው» ይሉሻል። ድንጋይ ሊጭኑ የሚመጡ ጋሪዎችን ካዩ የሚደውሉበት ስልክ ቁጥር ለልጅ ልጃቸው ሰጥተናል።

---

የአራሽ ልጅ ፦ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡40

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም።

መምህርት፣ አባቴን አንሥተሽ ስትጽፊ ያላሰብኩትን አስታወስሽኝ። አባቴ እስከ አርባ አምስት ዓመቱ የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነበር። ቀለሙ ከጣቱ እስኪለቅ ድረስ ለሰው እጁን አይሰጥም ነበር፤ ያፍርበታል። በ1971 ዓ.ም. ከተማሩት አንዱ እሱ ነው። የተማረው እኛ ሰፈር በነበረው ግቢ ውስጥ ነው፤ ያ ጎተራ ያልኳችሁ። ስሙን መጻፍ የቻለ ቀን ማታ ቤት ገብቶ በከሰል በሩ ላይ ጻፈው። እናቴ ትስቃለች፤ እሱ ግን አልሳቀም። በሩን ስንቀይር ያንን ሳንቃ አውጥቶ አልጋው ሥር አስቀመጠው።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። ድንጋዩ ለቤት መሠረት ተበትኗል። ለባለመሬቱ ቤት አላዝንም፤ ያልኩትን አልመልስም። ያንን ግድግዳ ግን ፎቶ ስታነሺ ለእኔም ላኪልኝ። የአባቴ አስተማሪም አንዴ ጭሮ የጻፈው ግድግዳ ላይ ነበር። አንድ ሰው ይሁን ሁለት አላውቅም፤ የፊደሉን አጣጣል ባየው ላውቀው እችላለሁ።

---

መምህርት ከደሴ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ዛሬ ሄድን። ባለቤቴ የቀረውን ጉዳይ ለሌላ ቀን አስተላልፎ፣ ወፍጮውን ለልጃችን ትቶ፣ ሜትርና የእጅ መብራት ይዞ አብሮኝ ወጣ። ስለ ቤቱ ስነግረው ከርሞ ዛሬ በዐይኑ ሲያየው መጀመሪያ ሄዶ የቆመው ወፍጮው ድንጋይ አጠገብ ነው። በጣቱ የጎደጎደውን ዙሪያውን ዳሰሰና «ይህ በቀን ስንት ቁና ይሆን የሚያወጣው» አለ። እሱ ወፍጮን በሰዓት ኩንታል ነው የሚያውቀው። ብዙ ቆየ እዚያ።

ጋሼ ግንበኛ፣ ያሉኝን አየሁ። ግድግዳው 74 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። የሰሜኑ ግድግዳ ሆድ አውጥቷል፤ ጨፍኜ ሳየው ግልጽ ነው። ምሥራቁ፣ ፊደሉ ያለበት፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የዋናው በር ጉበን እንጨት ነው፤ በስተቀኝ በኩል በስብሷል፣ ከበላዩም እንዳሉት ስንጥቅ አለ፤ ስለዚህ በጓዳው በኩል ነው የገባነው። ልስኑ ሁለት ነው፦ ከሥር ምርጊት ከጭድ ጋር፣ ከላይ ስስ ኖራ። ሾላ የለም። ሸዋበር ያለው የሥራ መለያ መስመር በምዕራብ በኩል አለ፤ ከመስመሩ ወዲህ ሲሚንቶ ነው።

ፊደሉን ባለቤቴ መብራት ከጎን ይዞልኝ አነሣሁት። ክፍሉን በነጠላ ጋርደን መብራቱን ከግድግዳው ስናስጠጋ ፊደሉ ከግድግዳው የወጣ መሰለ። ባለፈው ያላየሁት ሌላም ነገር አየሁ። ከፊደሉ በታች፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ብዙ ትንንሽ ጭረቶች አሉ። ተማሪዎቹ ራሳቸው የሞከሩባቸው ናቸው። አንዱ «ለ»ን አሥራ አንድ ጊዜ ጽፎታል፤ የመጀመሪያዎቹ ይንጋደዳሉ፣ የመጨረሻዋ ለ ቀጥ ብላለች። ስም የሚመስሉም አሉ፤ እነሱን እዚህ አልጽፍም። ወንድሜ የአራሽ ልጅ፣ ፎቶዎቹን በሙሉ ልኬልሃለሁ።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገራችሁ። ከሀ እስከ ወ ያሉት መስመሮች ደህና ናቸው። ከዐ ጀምሮ ወደ ታች ያለው ልስን ግን ከግድግዳው ተለያይቷል። በጣቴ አንጓ ቀስ ብዬ ስነካው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የ«ጸ»ና የ«ፀ» መስመር ላይ ስንጥቅ ገብቷል። ደብዳቤውን ጽፈን ጨርሰናል፤ ነገ ጠዋት አስገብቼ ቅጂውን አስማኅትማለሁ። ምላሹ እስኪመጣ ግን በልጉ አይጠብቀንም፤ ዛሬ ስንመለስ ጦሳ ተራራ አናት ላይ ደመና ተኝቶ ነበር። ባለቤቴ የወፍጮውን ትልቅ ሸራ እሰጣለሁ ብሏል። ኖራስ ልግዛ? ስንት ኪሎ?

---

የአራሽ ልጅ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ደርሶኛል። የአባቴ አስተማሪ አይደለም። ያኛው የ«ረ»ን ጭራ ያስረዝማት ነበር።

ሸራው ለመወጠሪያ እንጨት ይፈልጋል። ስድስት ባሕር ዛፍ ከግቢዬ እቆርጣለሁ። መኪና ካለ ረቡዕ አደርሳለሁ።

---

ግንበኛ ነኝ ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡10

እህቴ፣ ኖራውን ተዪው። ፈቃድ ሳይመጣ አንነካውም፤ ሲመጣም ያበጠ ልስን በማንኪያ አይጠገንም። ቀጭን የኖራ ውኃ በመርፌ ከኋላው ይሞላና በለስላሳ ጨርቅ ተደግፎ ቀናት ይጠበቃል፤ ኖራውም በውኃ ተዘፍቆ ሳምንታት የሰነበተ መሆን አለበት። እስከዚያ ማንም በጣቱ አይንካው፤ አንቺም ጭምር።

ሸራው ግድግዳውን እንዳይነካ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይወጠር፤ ከነካው እርጥበት ያፍናል። ቁልቁለቱ ወደ ምዕራብ ይሁን። የግድግዳውን አናት ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድረን ከላዩ ጭድ ባለው ጭቃ እንመርገዋለን፤ ይህ ማልበስ ነው፣ ጥገና አይደለም፤ ቢሆንም ለጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤው ላይ ጨምሪው። የሰሜኑን ግድግዳ በሁለት እንጨት ደግፈን ሰው እንዳያልፍበት እናጥራለን።

ረቡዕ እኔም ኮምቦልቻ ሥራ አለኝ። እሱን ለረዳቴ ትቼ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ጭድ ከአሮጊቷ ጎረቤት ይገኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ የጤፍ ይሁን።